ግማሽ ዶሮ

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፒያሳ ገና ሳይነጋላት፣
የቢሾፍቱ መኪና መጣች፤ ሱራፌል የጓሮውን በር ከፈተላት።
ሣጥን በሣጥን ላይ ወረደ፤
ከክዳኑ ሥር በረዶ፣ ከበረዶው ሥር ዶሮ፤
ራስ የለው፣ ላባ የለው፣ ጩኸቱን እዚያው ጥሎ የመጣ፣
ከሳ ወፈረ የማይባል፣ ካንድ ቅርጽ የወጣ።

እኔ ነጭ ጋዋን፣ ድርብ ካልሲ፣ የላስቲክ ቦቲ፣
በግራ እጄ የብረት ጓንት፣
ፊት ለፊቴ መጋዝ።
አቶ ባዩ ሲቀጥሩኝ ያሉኝ ይኸው ብቻ ነው፤
«ዘጠኝ ቦታ። አታስቢ። የሚያስበው መጋዙ ነው።»

መጋዝ መገጣጠሚያ አይጠይቅም።
ታፋን ከነወገቡ፣ ደረትን ከነጎድኑ፣
ዝዝዝ ይልና ያልቃል፤
የአጥንት ዱቄት እጅጌዬ ላይ ይቀራል።

ጣቴ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ውሏል።
እሪ በከንቱ፣ ሠርግ ቤት፣ ከድንኳኑ ጓሮ፣
እትዬ ሸዋረገድ በርጩማ ላይ፣ በጉልበታቸው መሐል ዶሮ፤
«አጥንት የሚሰብር ሰው በሩ የጠፋበት ነው፤
ዶሮ አሥራ ሁለት በር አለው፤
ቢላሽን አትጫኚው፤ አንኳኪበት፣ ይከፈትልሻል» ይሉኝ ነበር።
ይከፈትም ነበር።
እግሩ፣ ታፋው፣ ክንፉ፣ መላላጫው ጥንድ ጥንድ፤
አንገቱ ለብቻ፤ ጀርባው ለሁለት፤
መጨረሻ ላይ ፈረሰኛ፣ ያቺ አንዲት፣ ያቺ ባለ ማዕረግ፣
ከአባወራ ወይ ከእንግዳ በቀር ማንም እጁን የማይዘረጋባት።

እዚህ ማዕረግ የለም። ነጭ ሳህን አለ፣
ከሥሩ ደም የምትመጥ ወረቀት።
ሽታዬ ላስቲኩን ወጥራ በጋለ ብረት ትዘጋዋለች፤
ክብደት፣ ቀን፣ ዋጋ። ለስም ቦታ አልተወለትም።
አንገትና ጀርባ በከረጢት ታጭቆ «ለሾርባ» ይባላል፤
ማታ ከፎቅ ሥራ የሚወርዱት፣ ሲሚንቶ በቅንድባቸው፣ ይወስዱታል።
ከግድግዳው ወዲያ ነጂባ አለች፤
የራሷ ዶሮ፣ የራሷ ቢላ፣ የራሷ ፍሪጅ፤
የምንበዳደረው በረዶ ብቻ ነው። በረዶ ሃይማኖት የለውም።

አንድ ሐሙስ ወይዘሮ አልጋነሽ መጡ፣
ዘምቢላቸውን በሁለት እጅ ይዘው።
«ልጄ፣ ግማሽ ዶሮ ይሸጣል?» አሉ ቀስ ብለው፣
እንደ ነውር።
ልጆቹ በየፊናቸው ናቸው፤ ባልየው ካቻምና አርፈዋል፤
«ሙሉውን ብሠራው ሳምንቱን አብሮኝ ይከርማል።»

መጋዙን አጠፋሁት። ቢላ አወጣሁ።
ጥንድ ጥንዱን ማካፈል ቀላል ነው።
አንገቱ ላይ ቆምኩ። ፈረሰኛዋ ላይ እንደገና ቆምኩ።
ግማሽ ማዕረግ የለ።
ደግሞስ ያኛው ግማሽ የማን ነው?
ባለቤቱ ገና አልመጣም፤ ምናልባት ገና አልራበውም፤
እሳቸውና እሱ፣ ባንድ ማስታጠቢያ እጅ ሳይታጠቡ፣
ስም ለስም ሳይተዋወቁ፣ ካንድ ዶሮ ሊበሉ ነው።
አንገቱን ለማላውቀው ሰው ተውኩለት፤
ፈረሰኛዋን ከእሳቸው ታፋ ሥር፣ ደም ከምትመጠው ወረቀት ጋር ሸጎጥኳት።
ሚዛኑ ቆጠራት። እኔም ዝም አልኩ።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ የሚጠግን አንድ ልጅ ያንን ግማሽ ወሰደው፤
ዶሮውን መች አየው፣ ዋጋውን ነው ያየው።

በሳምንቱ ተመለሱ።
«ያቺ ፈረሰኛ!» አሉ፣ መስተዋቱን ተደግፈው፤
«አንቺ ነሽ? ጨነቀኝ እኮ! ለማን ላውጣት?
የጎረቤቴ በር ዘወትር ዝግ ነው፣ እንግዳ የለኝ።
ሦስት ቀን በጭልፋ ወዲህ ወዲያ ሳደርጋት፣
አርባ ስድስት ዓመት ለሰው ሳወጣት ኖሬ፣
መጨረሻ ላይ፣ ቆሜ፣ ከድስቱ፣ ራሴ በላኋት።»

ሽታዬ ላስቲኩን እንደ ወጠረች ቀረች።
«እሺ፣ እንዴት ነች?»

ወይዘሮ አልጋነሽ አሰቡ። የምር አሰቡ።
«አጥንት ነች» አሉ። «ዝም ብላ አጥንት።
ዛሬ ክንፍ ጨምሪልኝ።»